ለካሜራ የሞላ ምንጭ

ገበየሁ ከሰል ያከስላል፣ ድንች ያመርታል፣ በሬዲዮ ላይ ይስቃል። ሦስቱንም እንደ ሥራ ነው የያዛቸው። ከአዲስ ቅዳም ወደ ላይ ባለችው ቀበሌው ስለ አየር ንብረት ለውጥ የሚያወራ ዜና ከተከፈተና እሱ በአቅራቢያው ካለ፣ ሰው ዜናውን ትቶ እሱን ይሰማል። ሬዲዮው «የምድር ሙቀት ጨምሯል» ሲል ገበየሁ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ፣ «ማን ለክቶ ነው? አንተ ከተማ ተቀምጠህ የእኔን ደጅ ብርድ በምን አወቅኸው?» ይለዋል። ሰው ይስቃል። ሬዲዮው መልስ አይሰጥም፤ ገበየሁ ደግሞ መልስ ከማይሰጥ ጋር መከራከር ይወዳል።

ሞኝ ግን አይደለም። ሞኝ ቢሆን ኖሮ ስለ እሱ ለመጻፍ ባልተቸገርኩ። ቂመኛ ነው፤ ቂሙም እንዲያው ከሜዳ አልመጣም።

እዚያ አካባቢ ከእርሻው ብዙው ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ነው። ይተከላል፣ ሲደርስ ይቆረጣል፣ እዚያው ማሳው ላይ ይከመራል፤ ከዚያ እሳቱ እንዳይተነፍስ በሣርና በአፈር ይደፈንና ከሰል ሆኖ ይወጣል። ከሰል የወጣበት መሬት እስከሚታረስ ድረስ ጥቁር ነው፤ አመድ ለብሶ ይከርማል። ከዚያ ጤፍ ይዘራበታል፣ ዛፉም አብሮ ይተከላል። ይህን የማያውቅ የአዊ ሰው የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ገበየሁ ከሰል እያወጣ ሳለ ካሜራ የያዙ ልጆች በመኪና መጡ። ፊቱ አመድ ነበር። ጭሱ የገባበት ዓይኑ እንባ ያወርዳል። «አባቴ፣ ዝናቡ እንዴት ነው?» አሉት። «ዘንድሮ ዘገየ» አላቸው፤ እውነቱን ነው፣ ዘግይቶ ነበር። «ኋላ ግን መጣ፤ ድንቹም ደኅና ይዟል፤ እግዜር ይመስገን» ብሎ ጨመረ። አመስግነውት ሄዱ። በቴሌቪዥን ሲወጣ ግን «ዘግይቷል» የምትለው ብቻ ቀርታለች። ያ አመድ የለበሰ ማሳ በድርቅ የነደደ መሬት ተባለ። የገበየሁም እንባ የተራበ ገበሬ እንባ ሆነ። ፊቱ ላይ አንድ የማያውቀው ሰው ድምፅ ተጭኖ ስለ ችግሩ ያወራል። ከጀርባው የነበረውን ለምለም ደን ካሜራው አላየውም፤ ወይም አይቶ ዝም አለ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ልጁን ሕይወትን የዳረው ዳንግላ ነው፤ የልጂቱ አማት ዓለምነው ያንን ዜና አይቶ አዘነለት። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ጆሮ የለውም፣ ሳይጠይቅ አንድ ኩንታል በቆሎ በሚኒባስ ጣሪያ ጭኖ ላከ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። አዲስ ቅዳም መናኸሪያ ሲደርሱ ረዳቱ ከጣሪያው ላይ ቆሞ፣ «ያ በቴሌቪዥን የታየው ችግረኛ ገበየሁ የታለ? እርዳታ መጥቶለታል!» እያለ ተጣራ። ድንች ሊሸጥ የወጣው ገበየሁ ያን ሁሉ ሕዝብ ሰንጥቆ ሄዶ ጆንያውን ተቀበለ። ሳቁን እስከ ዛሬ ይሰማዋል። በዚያው ሚኒባስ በቆሎውን፣ ሊሸጥ ያመጣውን ድንች ጨምሮበት፣ መልሶ ላከው። ዓለምነው ተቀየመ፣ ሕይወት በአባቷና በአማቷ መካከል አለቀሰች፣ የሰፈሩ ጎረምሳ ደግሞ «አያ ገበየሁ፣ የእርዳታው ስንዴ መቼ ነው የሚመጣ?» እያለ ዓመቱን ሙሉ ተጫወተበት።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ከዚያ በኋላ ዜና ያለው ሁሉ ለገበየሁ ውሸት ሆነ። ጎርፍ ቢሉ ውሸት፣ ያለ ወቅቱ የሚዘንብ ዝናብ ይጠበቃል ቢሉ ውሸት። አንዳንዴም እውነት ይገጥመው ነበር፤ ከመንገዱ በታች ጎርፍ የቆፈረውን ትልቅ ቦረቦር ሬዲዮው የአየር ንብረት ለውጥ ያመጣው ነው ሲል፣ ገበየሁ መንገድ ሠሪዎቹ ቱቦውን ማሳ ላይ ስለለቀቁት እንደሆነ ሰውን ወስዶ አሳይቷል። ይህ የበለጠ አበላሸው። አንድ ጊዜ ልክ የሆነ ሰው ሁልጊዜ ልክ የሆነ ይመስለዋል።

ምንጩ ግን መድከም ጀመረ።

ከገበየሁ ማሳ ሥር የሚወጣ፣ ቀበሌውን በሙሉ የሚያጠጣ ምንጭ ነው። ድሮ በየካቲት እንኳ ሞልቶ ይፈስስ ነበር። አሁን ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው፣ ውሃው እስኪጠራቀም ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የገበየሁ ሚስት ማሪቱ ከእነሱ አንዷ ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ዝምተኛ ናት። አማርኛ ትሰማለች፣ ገበያም ትገዛበታለች፤ ሐሳቧን የምትናገረው ግን በአዊኛ ነው።

«ምንጩ እየሄደ ነው» አለችው አንድ ቀን።

«ዛፉ ጠጥቶት ነው። እነዚያ የዜና ሰዎች እንደሚሉት አይደለም።»

«ዛፉስ የማን ነው?»

ከምንጩ በላይ ያለው ዲከረንስ በሙሉ የገበየሁ ነበር። ገበየሁ ያን ቀን የከሰሉን ነገር አንስቶ ወሬ ቀየረ።

የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ምንይችል የሚባል ወጣት ነው። በር በር እያንኳኳ፣ እንጅባራ እየተመላለሰ፣ ጉድጓድ የሚቆፍሩ የአንድ ፕሮጀክት ሰዎች ወደ ቀበሌው እንዲመጡ አደረገ። የሚቆፈረው ጉድጓድ አንድ ብቻ ነው፤ ወይ ለእነሱ ወይ ለማዶው ቀበሌ። ከፕሮጀክቱ ባለሙያ ጋር ስለሚደርቁ ምንጮች ፕሮግራም የምትሠራ ጋዜጠኛም ትመጣለች። ምንይችል ይህን ሊነግረው ገበየሁ ቤት ሄደ።

«አያ ገበየሁ፣ ምንጩ ከማሳዎ ሥር ነው፣ ሽማግሌም ነዎት። እርስዎን ነው የሚያናግሩ። ያለውን እንዳለ ይንገሩልን፤ ሌላ አንፈልግም።»

«ካሜራ ይዘው ነው የሚመጡ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጉድጓድ የሚሉት ማባበያ ነው። ቀርጸው ይሄዳሉ፤ እኛ ደግሞ ለማኝ ሁነን በየቤቱ እንታያለን። ምነው ምንይችል፣ የእኔን አላየህም?»

ምንይችል ለመነው፤ የሴቶቹን ሰልፍ አነሳ፣ የማሪቱን ጉልበት አነሳ። ገበየሁ ራሱን ነቀነቀ። ምንይችል እሺ ያለው መስሎት እንግዶቹን ሊያመጣ እንጅባራ ሄደ።

እሱ እንደሄደ ገበየሁ ጎረቤት ሰበሰበ። ንግግር ያውቃል፤ ስለ ገመና ተናገረ። ቤታችን ምንም ባይኖር እንግዳ ሲመጣ ያለንን አውጥተን እናቀርባለን እንጂ ባዶ ሌማት እናሳያለን? የአዊ መሬት ውሃ አጣች ተብሎ ዓለም ይስማ? ሰው ያን ሚኒባስ ያስታውሳል፤ በሳቁበት ቀን ትንሽ አፍረው ነበር፣ እምቢ ማለት ከበዳቸው። እንግዶቹ እስኪመጡ ማንም ከምንጩ እንዳይቀዳ ተስማሙ። ገበየሁ የምንጩን መውጫ ዘጋ። ከሰል ደፋኝ ነው፤ በሣርና በአፈር እንዴት እንደሚደፈን እጁ ያውቃል፤ አንዲት ጠብታ አላስወጣም። ሴቶቹ ለሁለት ቀን ከሩቅ ወንዝ እየቀዱ ዋሉ። ማሪቱ በሁለተኛው ቀን ስትመለስ ጉልበቷ አብጦ ነበር። «ነገ ያልፋል» አላት።

መኪናዋ በዳገቱ ብቅ ስትል ገበየሁ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ምንጩ ዳር ቆሟል። በእግሩ ሣሩን ነካ ነካ አድርጎ የግድቡን አፍ ከፈተ። ውሃው እየተንደቀደቀ ወረደ። ምንይችል ከመኪናው ወርዶ ያን ሲያይ ባለበት ቆመ። ባለሙያው ባልዲ አስቀምጦ ለካ፤ ባልዲው ወዲያው ሞልቶ ፈሰሰ። ምንይችል ጠጋ ብሎ፣ «ከትናንት ወዲያ እንዲህ አልነበረም» ቢለው፣ «እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው» አለው። ምንይችል ከዚያ በላይ መናገር ነበረበት፤ ግን ሽማግሌን በእንግዳ ፊት ውሸታም ብሎ ማዋረድ አልቻለም። አሁን ድረስ ሲያነሣው አንገቱን ይደፋል።

ጋዜጠኛዋ ትሕትና ትባላለች። አነጋገሯ ለስላሳ ነው፤ ጥያቄ ጠይቃ መልሱን እስከ መጨረሻ የምታዳምጥ ልጅ ናት። «አባቴ፣ ምንጩ ቀንሷል የሚባለው እንዴት ነው?» አለችው።

«ማን አለሽ፣ ልጄ? ይኸው በዓይንሽ እይው። እኛ ውሃ ለምነን አናውቅም። ምንጫችን ለሰውም ለከብትም ተርፎ ነው የሚፈስ። የአየር ንብረት ምናምን የምትሉት እዚህ አልደረሰም።»

ገበየሁ ያን ጊዜ ደስ አለው። አመድ የለበሰው ፊቱ ከሰው ዓይን ሲታጠብ ተሰማው። ትሕትና ዞር ስትል ማሪቱ ባዶ ጀሪካን ይዛ፣ እያነከሰች ስትመጣ አየች። «እናቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ማሪቱ ውሃውን አየች። ባሏን አየች። ከዚያ በአዊኛ ቀስ ብላ ተናገረች፦ «ይህ የሁለት ቀን ውሃ ነው። ዘግተውት ነው የተጠራቀመ። ነገ የለም። እንዲቆፈርልን እንፈልጋለን።»

እዚያ የቆመው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማ። ያልገባቸው ከባሕር ዳር የመጡት ትሕትና፣ ካሜራ የያዘው ልጅና ባለሙያው ብቻ ነበሩ። «ምን አሉ?» አለች ትሕትና ወደ ገበየሁ ዞራ።

ማሪቱ ጆሮዋን አቅንታ ጠበቀች። ገበየሁ ሚስቱን አላያትም፤ ካሜራውን ነው ያየው።

«ውሃችን ሞልቶናል፣ ሌላ አንፈልግም፣ ፈጣሪ ይመስገን ነው የምትል።»

ማሪቱ ይህን ያህል አማርኛ ትሰማለች። የሰፈሩም ሰው ሽማግሌን በእንግዳ ፊት ማረም ከብዶት መሬት መሬት አየ። ጎንበስ ብላ ጀሪካኗን ሞልታ ሄደች። ትሕትና ከኋላዋ «አመሰግናለሁ፣ እናቴ» አለቻት።

ፕሮግራሙ የወጣ ቀን ሰው ሁሉ ወገኔ የሚባል ጎረቤት ቤት ተሰበሰበ፤ ቴሌቪዥን ያለው እሱ ነው። ማሪቱን ሴቶቹ ጎትተው አመጧት። ገበየሁ ከፊት ተቀመጠ፤ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። «አሁን ታያላችሁ፤ ቆርጠው ቀጥለው ሌላ ያደርጉታል» አለ። ቢያደርጉት ኖሮ ምንኛ በተገላገለ። አንድ ቃል አልቆረጡበትም። ነጩ ጋቢ ታየ፣ ለምለሙ ደን ታየ፣ ውሃው ሲንደቀደቅ ታየ። ትሕትና አንዳንድ ቦታ ምንጮች ሲደርቁ ይህን የመሰለ ያልተነካ ምንጭም እንዳለ ተናገረች። ገበየሁ ያለውን ሁሉ እንዳለው አስተላለፈችው። ጎረምሶቹ አጨበጨቡ።

ቀጥሎ ማሪቱ መጣች። ድምፅዋ ለአንድ አፍታ ተሰማ፤ «ይህ የሁለት ቀን ውሃ…» እስከምትል። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለና የሌላ ሴት ድምፅ ላዩ ላይ በአማርኛ ተጫነ፦ «ውሃችን ሞልቶናል፣ ሌላ አንፈልግም።» የማሪቱ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው ቃል የገበየሁ ነው።

ጭብጨባው ቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ ማሪቱን አየ። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ ተነሥታ ወጣች።

ገበየሁ ተቀምጦ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ያፈረው። መናኸሪያ ላይ የደረሰበት ሌሎች ያከናነቡት እፍረት ነበር፤ በሰው ሊቆጣበት፣ ሊሰድብበት ይችል ነበር። ይህን ግን የሚያላክክበት ሰው አጣ። ጋዜጠኛዋ አልዋሸችም። በሰው ፊት ላይ የማይገባ ቃል መጫን ምን ያህል እንደሚያቃጥል ከዚያ ቤት ውስጥ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያደረገውም እሱ ነው፣ ያደረገውም በሚስቱ ላይ ነው። ቤት ሲገባ ይቅርታ ሊላት አሰበ። ተኝታ አገኛት፤ በጠዋትም ቀድማው ወጥታ ነበር። ከዚያ ቀናቱ እየበዙ ሲሄዱ ቃሉም እየከበደው ሄደ።

ጉድጓዱ ለማዶው ቀበሌ ተቆፈረ። ባለ ብዙ ቧንቧ ቦኖ ተሠራላቸው። የገበየሁ ምንጭ በተከታዩ በጋ ጭራሽ ጭቃ ሆነ። ምንይችል ገበየሁን አልተናገረውም፤ ሰላምታም አልከለከለውም፤ ብቻ ሲያገኘው እንደ እንግዳ ሰው ደኅንነቱን ጠይቆት ያልፋል። ሴቶቹ ሸለቆውን ወርደው ዳገቱን ወጥተው ከማዶው ቦኖ መቅዳት ጀመሩ። ማሪቱም አህያዋን እየነዳች ትሄዳለች። ገበየሁ በር ላይ ቆሞ ስታነክስ ያያትና ወደ ከሰሉ ይሄዳል።

አንድ ጠዋት ማሪቱ ከመደብ መነሣት አቃታት። ገበየሁ ጀሪካኖቹን አህያው ላይ ጭኖ ራሱ ወረደ። እዚያ አገር ወንድ ውሃ ሊቀዳ ሲሄድ ሰው ዞር ብሎ ያያል፤ እሱ ግን ስለዚያ ማሰቡን አቁሟል። ቦኖው ጋ ሲደርስ የሴት ሰልፍ ነው። የቦኖው ጠባቂ ምህረቴ ጀሪካኖቹን አይታ፣ «እነዚህ የምንይችል እህት ጀሪካኖች አይደሉም እንዴ?» አለችው።

«የማን?»

«የዚያ የኮሚቴው ልጅ የምንይችል እህት። ጉልበቷን የሚያማት፣ ዝምተኛዋ። እኛ ከሌላ ቀበሌ የመጣ ማታ ነው የምናስቀዳ፤ እሱ ግን ለውሃ ብዙ የደከመ ልጅ ስለሆነ ለእህቱ ብለን ተራ እንሰጣታለን። ምነው፣ ታመመች?»

ገበየሁ የአህያውን ገመድ እንደያዘ ቆመ። ማሪቱ የእሱን ስም ብትናገር ‹ውሃ ሞልቶናል ብላችሁ የለ› ተብላ እንደምትመለስ ስለምታውቅ፣ የሌላ ሰው እህት ሆና ነበር ስትቀዳ የከረመችው።

«እርስዎስ ምኗ ነዎት?» አለች ምህረቴ።

«ባሏ ነኝ» አለ። ድምፁ ጮክ ብሎ ነው የወጣው። «የምንይችል እህት አይደለችም። ያ በቴሌቪዥን ውሃ ሞልቶናል ያልኩት ሰው እኔ ነኝ።»

ሰልፉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ከፊት የቆሙ አንዲት አሮጊት አንጋጠው አዩት። ለማሽሟጠጥ አልነበረም፤ ፕሮግራሙን አምነውት ኖሮ የምር ነው የጠየቁት፦ «ታዲያ ያ ሁሉ ውሃ የት ሄደ፣ ልጄ?»

«አልነበረም እማማ። ገድበነው ነው።»

«ለምን?»

«ሰው እንዳያዝንልን ብዬ።»

አሮጊቷ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሌሎቹም መጠጡ። ከዚያ አንዷ ጀሪካኗን ገፋ አደረገች፣ ቀጥላ ያለችውም፤ ሰልፉ ተከፍሎ ወደ ፊት አሳለፉት። አዘኑለት። ገበየሁ ሐዘኔታቸውን እንደ በቆሎው አልመለሰውም፤ አንገቱን ደፍቶ ቀዳ፣ አመሰገናቸው።

ወደ ቤት ሲመለስ ግን ዳገቱ ቀለለው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደረቱ ተከፈተ። ተናዘዝኩ፣ አለቀ፣ አለ በልቡ። ማሪቱ ስትሰማ ይቅር የምትለው መሰለው። ጀሪካኖቹን እንዳወረደ ከመደቡ ጫፍ ተቀምጦ የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ አሮጊቷ ያሉትን፣ ተራ የለቀቁለትን ሁሉ። ማሪቱ እግሯን ዘርግታ አዳመጠችው።

«የእኔንም ነገርካቸው? የምንይችል እህት አለመሆኔን?»

«እውነቱን ነገርኳቸው።»

«እኔን ጠይቀኸኝ ነው?»

ገበየሁ ዓይኑን ወደ ጀሪካኖቹ መለሰ።

«ያን ጊዜ እውነት ስናገር በውሸት ሸፈንከው» አለች በአዊኛ፣ ቀስ ብላ፣ በዚያን ቀኑ ድምፅዋ። «ዛሬ ደግሞ እንደ ምንም ብዬ የያዝኳትን ውሸት አንተ እውነትህን ይዘህ ሄደህ አፈረስካት። ሁለቱንም ጊዜ ለራስህ ስም ነው። ለአንተስ አዘኑልህ። እኔ ውሸታሟ ነገ በምን ዓይኔ ልያቸው?»

በማግስቱ ጀሪካኖቹን ጭኖ ብቻውን ወረደ፤ ከዚያ ወዲህም ውሃ የሚቀዳው እሱ ነው። ከሌላ ቀበሌ የመጣ ማታ ስለሚቀዳ፣ የማዶው ሴቶች ቀድተው እስኪጨርሱ ከአህያው ጎን ቆሞ ይጠብቃል።